የቤት ናስ ላይ ኦንላይን ባካፕ ስትጭኑ የምትሰሯቸው ስህተቶች (አረንጓዴው ምልክት ሲያታልል)

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። ናስ ማለት ያው ከራውተሩ ጋር በኬብል ተያይዞ ቤት ውስጥ ያለ ስልክም ላፕቶፕም ሁሉም ፋይሉን የሚያጉርበት፣ ሃርድ ዲስክ የተሸከመ ሳጥን ነው። እኔም እሱን ገዝቼ ኦንላይን ባካፕ (ፋይሉን እየገለበጠ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ሰርቨር የሚልክ ሶፍትዌር) ጫንኩበት፣ በየማለዳው ስልኬ ላይ «ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ይመጣል፣ አየት አድርጌው ወደ ስራዬ እሄዳለሁ፣ ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። ከዛ አንድ ቀን የእህቴ ልጅ መራመድ የጀመረችበትን ቪዲዮ በስህተት አጠፋሁት። ችግር የለም ባካፕ አለኝ ብዬ ስከፍተው ቪዲዮው የለም፣ ቪዲዮው ብቻ ሳይሆን «ቪዲዮ» የሚባለው ፎልደር ራሱ የለም። ለካ ባካፑን ስጀምር ያኔ የነበሩትን ሦስት ፎልደሮች ብቻ ነበር ቲክ ያደረግኩት፣ «ቪዲዮ»ን የፈጠርኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ አዲስ ፎልደር መጥቷል ልጨምረው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ያዘዝኩትን ሦስቱን በታማኝነት እየላከ ተሳክቷል ይለኛል። አልዋሸኝም'ኮ!

ስለዚ የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፣ ፎልደር እየመረጡ ቲክ ማድረግ። ሶፍትዌሩ ከፈቀደላችሁ ከላይ ሁሉንም ምረጡና የማትፈልጉትን ቀንሱ፣ ካልፈቀደ ደግሞ ሁሉንም ነገር በአንድ ትልቅ ሼርድ ፎልደር ስር አድርጉት፣ አዲስ የሚፈጠረው እዛው ውስጥ ይገባል። የሚቀነሰውስ ምንድነው ካላችሁ ሪሳይክል ቢን፣ ናሱ ለፎቶዎች ራሱ የሚሰራቸው ትንንሽ ምስሎች፣ እንደገና ዳውንሎድ ማድረግ የሚቻል ፊልም ምናምን። ከታች ያሉትም ስህተቶች ጸባያቸው ከዚህ ብዙም አይለይም፣ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነው።

ሬይድ አለኝ ብሎ መተኛት

በአጭሩ ልለፈው። ሁለት ዲስክ ገብቶ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሲሆን ሬይድ 1 ይባላል፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ስራውን ይቀጥላል፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን ፋይል ስታጠፉ በዛው ሰከንድ ከሁለቱም ላይ ነው የሚጠፋው፣ ሌባም ሳጥኑን ሲወስድ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። ሬይድ የተሰራው ዲስክ ሲበላሽ ስራ እንዳይቆም ነው፣ የጠፋ ነገር ለመመለስ አይደለም።

ሲንክና ባካፕን አንድ ማድረግ

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይወድቃል፣ ምክንያቱም ሜኑው ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ። ለምሳሌ ሲኖሎጂ የሚባለው ናስ ላይ «ክላውድ ሲንክ» እና «ሃይፐር ባካፕ» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ፓኬጆች አሉ፣ ኪውናፕ በሚባለው ናስ ላይ ደግሞ «ሃይብሪድ ባካፕ ሲንክ» ሁለቱንም በአንድ አፕ ይዟቸዋል። ሲንክ መስታወት ነው፣ እዚህ ያለው እዛም አለ፣ እዚህ የጠፋው እዛም ይጠፋል፣ እዚህ የተበላሸው እዛም ተበላሽቶ ይቀመጣል። ሲጭኑት ፋይሎቹ ክላውድ ላይ እንደ ፋይል ቁጭ ብለው ስለሚታዩ ሰው ይሄኛው ይሻላል ብሎ ይመርጠዋል፣ ባካፕ ግን በራሱ ፎርማት ቆራርጦ ነው የሚያስቀምጠው፣ ብትከፍቱት ስሙ የማይገባ ነገር ነው የምታዩት። አትደንግጡ፣ እንደዛ የሚያደርገው የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ እየላከ የድሮውንም ቨርዥን ለመያዝ ነው።

ቨርዥን ካነሳን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ስንት ቀን ወደኋላ ይያዝ የሚለውን ሰው ሳያየው ያልፋል፣ ወይ ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ 7 ቀን ያደርገዋል። እስቲ አስቡት፣ የተበላሸ ፋይል በ7 ቀን ውስጥ የሚያይ ማነው? እኔ የግብር ወረቀቴን የምከፍተው በዓመት አንዴ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ከዛ በፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ወራት በሳምንት አንድ፣ ከዛ በፊት ደግሞ በወር አንድ አድርጋችሁ ቢያንስ ዓመት ያዙ። የተለወጠው ብቻ ስለሚቀመጥ የሚወስደው ቦታ እንደፈራችሁት አይደለም።

ሶፍትዌሩን ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ናሱን «ዜድ ድራይቭ» ማድረግ

ናሱን እንደ ኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ አስመስሎ ማያያዝ ማለት ነው፣ ይሄ ዘዴ ብልህነት ይመስላል፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። ችግሩ ዊንዶውስ ላይ እንደዛ የተያያዘ ድራይቭ ለገባው ተጠቃሚ ብቻ ነው የሚታየው፣ ባካፕ ሶፍትዌሩ ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባ በሲስተም ስም ስለሚሰራ ዜድ የሚባል ነገር አያውቅም፣ እናንተ ግን ዴስክቶፑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ከዛ በላይ ደግሞ ያልተገደበ የሚባሉት የግል ኮምፒውተር ፓኬጆች ውስጥ ኔትወርክ ላይ ያለ ዲስክን የማይቀበሉ አሉ፣ የባክብሌዝ የግል ኮምፒውተር ባካፕ ለምሳሌ ናስ አይወስድም፣ ለናስ የሚሆነው በጊጋባይት የሚከፈልበት ቢ2 የሚባለው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ናስ ይቀበላል ወይ የሚለውን አንብቡ፣ ባካፑንም ናሱ ራሱ ላይ ጫኑት፣ ላፕቶፑ ሲዘጋ አብሮ አይተኛም።

ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ መሄድ

ኢንክሪፕሽን አድርጉ (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አመስጥሩት)፣ ያለሱ ፎቶአችሁን ለማታውቁት ሰው ሰርቨር አትስጡ፣ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ቁልፉ የት ነው? ሃይፐር ባካፕ ስታመሰጥሩ የቁልፍ ፋይል አውርዶ ይሰጣችኋል፣ ሬስቲክ የሚባለው ሌላ ባካፕ ሶፍትዌር ደግሞ ፓስወርድ ያስገባችኋል፣ ፓስወርዱ ከጠፋ ዳታውም አብሮ ጠፋ ማለት ነው፣ የሚያስታውሳችሁ ድርጅት የለም፣ አገልግሎት ሰጪው ቢያለቅስላችሁም አይከፍተውም። አንድ ጓደኛዬ ያን ቁልፍ በጥንቃቄ «አስፈላጊ» የሚል ፎልደር ፈጥሮ እዛ ውስጥ አስቀመጠው። ፎልደሩ የት ነው ያለው? ናሱ ላይ! ናሱ ሲቃጠል ቁልፉም አብሮ ተቃጠለ፣ ባካፑ ክላውድ ላይ ሙሉ ለሙሉ አለ፣ ወርሃዊው ክፍያም አለ፣ የሚከፍተው ግን የለም።

ወረቀት ላይ ጻፉት። በእስክሪብቶ፣ ዜሮና ኦ እንዳይምታቱ አድርጋችሁ፣ አንዱን ቤት አንዱን ሌላ ቤት የምታምኑት ሰው ጋ አስቀምጡ። የክላውድ አካውንቱ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚመጣው በስልካችሁ ከሆነ ደግሞ ስልኩና ናሱ በአንድ ቀን ቢጠፉስ የሚለውንም አስቡ፣ መጠባበቂያ ኮዶቹን እዛችው ወረቀት ላይ።

የአፕሎድ ሂሳብ አለመስራት

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በባይት፣ ልዩነቱ 8 እጥፍ ነው፣ ሲሸጡላችሁ የሚያሞግሱት ደግሞ ዳውንሎዱን ነው። አፕሎዳችሁ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ከሆነ 1.25 ሜጋባይት ማለት ነው፣ በዚህ ፍጥነት 1 ቴራባይት ለመላክ ሳይቋረጥ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል፣ በ5 ሜጋቢት ከሆነ 18 ቀን ተኩል። ይሄን ሳያሰላ የጀመረ ሰው በሦስተኛው ቀን ተበላሽቷል ብሎ ካንስል ያደርግና እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ገደብ ሳታስገቡ ከለቀቃችሁት ደግሞ አፕሎዱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘውና ዳውንሎዱም አብሮ ይንቀራፈፋል፣ ምክንያቱም ዌብሳይት ለመክፈትም ቢሆን ከእናንተ በኩል ትንሽ ትንሽ ጥያቄና መልስ መውጣት አለበት። እኔ ቤት መጀመሪያ የጮኸው ቪዲዮ ኮል ላይ የነበረ ሰው ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ከአፕሎዱ ሰባ ሰማንያ በመቶውን ብቻ ስጡት፣ ለሌሊቱ ሙሉውን ልቀቁለት። ቅደም ተከተልም አለው፣ መጀመሪያ ሰነድ፣ ቀጥሎ ፎቶ፣ ቪዲዮ መጨረሻ፣ ዲስኩ በመሃል ቢሞት እንኳ ትንሿና ውዷ ነገር ቀድማ ሄዳለች።

በነገራችን ላይ ፋይል ስማችሁን በአማርኛ የምትጽፉ (እኔን ጨምሮ) ይሄን ስሙ። አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ነው የሚይዘው፣ ሊነክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም ጣሪያ 255 ባይት ነው፣ ማለትም 85 ፊደል። ሲኖሎጂ ላይ ያለው የሚመሰጠር ሼርድ ፎልደር ውስጥ ግን ጣሪያው 143 ባይት ነው፣ ከ47 ፊደል አያልፍም። «የአያቴ ሰማንያኛ ዓመት ልደት በዓል ላይ የተነሳነው የቤተሰብ ፎቶ የመጀመሪያው ክፍል የተስተካከለ» ብላችሁ ብትሰይሙት 50 ፊደልና 11 ክፍት ቦታ ነው፣ 161 ባይት፣ ተራው ፎልደር ይቀበለዋል የሚመሰጠረው አይቀበለውም። ባካፑን ሪስቶር የምታደርጉት (መልሳችሁ የምታወጡት) እንደዚህ አይነት ፎልደር ላይ ከሆነ የሚቀሩት ፋይሎች እነዚህ ረጃጅሞቹ ናቸው።

ናሱን ለውጭ ከፍቶ መተው

ኦንላይን ባካፕ ስለሆነ ራውተር ላይ ፖርት (ከውጭ የሚገባበት በር) መክፈት አለብኝ ብሎ የሚያስብ አለ፣ አያስፈልግም፣ ናሱ ነው ወደ ውጭ የሚደውለው፣ ከውጭ የሚገባ የለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ኪውሎከር የሚባለው ራንሰምዌር ለኢንተርኔት የተጋለጡ የኪውናፕ ናሶች ውስጥ ገብቶ ፋይሎቹን ሰቨን-ዚፕ በሚባለው የፋይል መጠቅለያ በፓስወርድ ቆልፎ 0.01 ቢትኮይን ይጠይቅ ነበር፣ ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ምን ውስጥ እንደነበረ ታውቃላችሁ? ቅድም ያነሳሁት ሃይብሪድ ባካፕ ሲንክ ውስጥ፣ ባካፕ ሶፍትዌሩ ራሱ! በዛው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይቭ ዲስክ የነበራቸው ሰዎች ጠዋት ሲነሱ ባዶ ሆኖ አገኙት፣ ያ ዕቃ ከ2015 ጀምሮ አፕዴት አልነበረውም።

ስለዚ አፕዴቱን አድርጉ፣ ራውተሩ ላይ ፖርት በራሱ የሚከፍተውን ዩፒኤንፒ አጥፉ። ዋናው ግን ይሄ ነው፣ ናሱን የያዘ ሌባ ክላውዱን የሚከፍተውንም ቁልፍ ይዟል፣ ባካፑንም ያጠፋዋል። አገልግሎቱ ኦብጀክት ሎክ ካለው አብሩት፣ ለተወሰነ ቀን ማንም እንዳያጠፋ ይቆልፈዋል፣ ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ እናንተም ብትሆኑ አታጠፉትም።

እየሰራ ያለን ዳታቤዝ እንዳለ መላክ ሌላው ነው፣ ናሱ ላይ የፎቶ አፕ ወይ ሌላ ሰርቪስ የምታሰሩ ካላችሁ ፋይሉ እየተጻፈበት ሲቀዳ ግማሹ የድሮ ግማሹ አዲስ ሆኖ ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ ኤክስፖርት ይደረግ፣ ኤክስፖርቱ ይላክ።

ማሳወቂያ ስላልመጣ ደህና ነው ማለት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በሚባለው ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት አንድ ኢንጂነር የተሳሳተ ሰርቨር ላይ ዳታቤዙን አጠፋ። ድርጅቱ ራሱ በግልጽ እንደተናገረው ባካፕ ሲፈልጉ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነው፣ ባካፑ በቨርዥን አለመጣጣም ሲከሽፍ ነበር የከረመው፣ ከሸፈ የሚሉት ኢሜይሎች ደግሞ ተቀባዩ ሰርቨር ጋ እየደረሱ ውድቅ ይደረጉ ነበር። ሙያቸው የሆነ ሰዎች ናቸው'ኮ! በአጋጣሚ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የተወሰደ ኮፒ ስለነበረ ተረፉ፣ በመሃል ያለው የስድስት ሰዓት ዳታ ግን ጠፋ።

ሲከሽፍ ብቻ ንገረኝ የሚለውን ሴቲንግ እኔ አልወደውም፣ ዝም ሲል ጤነኛ ይሁን የሞተ አይለይም። ሲሳካም በሳምንት አንዴ ሪፖርት ይላክ፣ ሪፖርቱ ላይ ደግሞ አረንጓዴዋን ትታችሁ ጠቅላላውን መጠን እዩ። ወሩን ሙሉ ፎቶ ስትጨምሩ ከርማችሁ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ የሆነ ነገር አለ። እኔ ያን ቁጥር አንድ ቀን እንኳ ባየው ስምንት ወር ባልቆየሁ ነበር።

ሪስቶር ሳይሞክሩ መቆየት

ሁለት ሦስት ወር ሲሞላ አንድ ፋይል በዘፈቀደ ምረጡና መልሱ፣ ግን ናሱ ላይ አይደለም፣ ናሱ የለም ብላችሁ ላፕቶፕ ላይ፣ ያቺን ወረቀት ብቻ ይዛችሁ። እኔ ስሞክር ወረቀቱ ላይ ፓስወርዱ አለ፣ የአካውንቱ ኢሜይል ግን የለም፣ የትኛው ኢሜይል እንደነበር ለማስታወስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ርካሽ ብላችሁ ቀዝቃዛ ስቶሬጅ (ብዙ ለማይነካ ፋይል የሚሆን ክላውድ) የመረጣችሁ ደግሞ ሕጉን አንብቡ፣ የአማዞን ግላሲየር ዲፕ አርካይቭ ለማስቀመጥ ርካሽ ነው፣ ለማውጣት ግን በመደበኛው መንገድ እስከ 12 ሰዓት፣ በርካሹ እስከ 48 ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ 180 ቀን ሳይሞላው ያጠፋችሁትንም ያስከፍላል፣ ዳውንሎዱም ለብቻው ይታሰባል። ክላውዱንም ብቻውን አትመኑት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የክላውድ ድርጅቱ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ተቃጥሎ ሌላ ኮፒ ያልነበራቸው ሰዎች ዳታቸው በዛው ቀርቷል። አንድ ዩኤስቢ ዲስክ ናሱ ላይ ሰክታችሁ በወር አንዴ ቅዱበት፣ ነቅላችሁም ሌላ ቦታ አስቀምጡት፣ እንደተሰካ ከቀረ ራንሰምዌሩም ያገኘዋል።

የእህቴ ልጅ ቪዲዮ በመጨረሻ እናቴ ቴሌግራም ላይ ተገኘ፣ ጥራቱ ወርዶ ፊቷ በደንብ አይለይም፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ ስትወድቅ ግን ይታያል። እናቴ ስልኳን እያቀበለችኝ «ታዲያ ያ ሌሊቱን ሲያጉረመርም የሚያድረው ሳጥን ስራው ምንድነው?» አለችኝ።