ባለቀለም ድንጋይ «ለመንፈስ» ብላችሁ ከገዛችሁ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ኦፓል (ሲያንቀሳቅሱት ቀለሙ የሚቀያየር ድንጋይ) ያለበት ቀለበት ያደረገችን ሴት «ለምን ገዛሽው?» ብትሏት መልሷ ስለ ውበቱ ብቻ አይሆንም። የተወለድኩበት ወር ድንጋይ ነው ትላለች። ሰላም ይሰጠኛል ትላለች። ከወሎ መሬት የወጣ ስለሆነ ደስ ይለኛል ትላለች። ጥሩ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ትርጉሙን ስንወድ ድንጋዩ ራሱ ምን እንደሆነ መጠየቅ እንረሳለን፤ ከዚያ ወይ ድንጋዩ ይበላሻል፣ ወይ ኪሳችን ይራቆታል።

አንደኛው ስህተት ለእያንዳንዱ የልደት ወር ድንጋይ የሚመድበውን የወር ድንጋይ ዝርዝር ከሰማይ እንደወረደ መቁጠር ነው። ዛሬ ቲክቶክ ላይ የሚዞረው ዝርዝር መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ያወጣው የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። አዎ፣ ነጋዴዎች። ሕንዶች ደግሞ ከወር ይልቅ በፕላኔት ነው የሚሄዱት፦ ሩቢ ለፀሐይ፣ ኤመራልድ ለሜርኩሪ፣ ሰማያዊ ሰንፔር ለሳተርን። ሰማያዊውን ሰንፔር ኮከብ ቆጣሪ ሳያማክሩ ለማድረግ የሚፈሩ ብዙ ናቸው። ታዲያ የትኛው ነው ትክክል? እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመርበታል። ኦፓል በዝርዝሩ የኦክቶበር ድንጋይ ነው፤ «ኦክቶበር» የሚለውን በደፈናው «ጥቅምት» እያሉ ይተረጉሙታል እንጂ ኦክቶበር አብዛኛውን ጊዜ ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ነው። ጥቅምት 25 የተወለደ ሰው ኦፓል ሲገዛ በዝርዝሩ መሠረት እንኳን የሌላ ሰው ድንጋይ ገዛ ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ያለውን ስም ይዞ ወርቅ ቤት መሄድ። መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 28 ላይ የኢትዮጵያ ቶጳዝዮን እንኳ ከጥበብ ጋር አይተካከልም ይላል። ደስ ይላል፣ ስማችን ተጠርቷል! ግን በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ቶጳዝዮን የሚለው ከቀይ ባሕር ደሴት የሚወጣ አረንጓዴ ድንጋይ ነው፤ ዛሬ ፔሪዶት የምንለው ነው ተብሎ ይታሰባል። በአሮን የደረት ኪስ ላይ ያለው ሰንፔርም ዛሬ ሰንፔር የምንለው ሳይሆን ላፒስ ላዙሊ የሚባለው፣ ወርቅማ ነጠብጣብ ያለበት ሰማያዊ ድንጋይ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። በሶሒሕ ሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ ደግሞ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የብር ቀለበት ፈርጥ «ሐበሻዊ» ነበር ይባላል፤ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደነበር ግን ሊቃውንቱ ራሳቸው ተለያይተዋል። ስለዚህ ሻጩ «ይሄ እኮ መጽሐፍ ላይ ያለው ራሱ ነው» ሲላችሁ ፈገግ በሉና ዋጋውን ጠይቁ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ሦስተኛው ነው፤ «ኃይሉን ለማጽዳት» ብሎ ድንጋይን ጨው ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ። በተለይ የወሎ ኦፓልን! እ.ኤ.አ. በ2008 ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና አካባቢ ተገኝቶ ነው ዓለም ያወቀው፤ ወጣቶች ገደል ላይ ዋሻ እየቆፈሩ ያወጡታል። አብዛኛው የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ብርጭቆ ውስጥ ስትከቱት ጥቃቅን አረፋ ይለቃል፣ ነጣ ያለው ድንጋይ እየጠራ ሄዶ መስታወት ይመስላል፣ ያ አረንጓዴና ቀይ የቀለም ጨዋታው ድብዝዝ ይልና አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ይሄኔ ነው «ኃይሉ ወጣ» ብሎ መደንገጥ የሚመጣው። አልወጣም፣ ረጥቦ ነው። ጥላ ቦታ ተዉት፤ እንደ መጠኑ በሰዓታትም በቀናትም ደርቆ ይመለሳል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ በፀጉር ማድረቂያ አትንፉት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ንጹሕ ውሃ ከሆነ እንግዲህ ተረፋችሁ። ሽቶ፣ ቅባት፣ ሳሙና ወይም ቀለም ያለው ነገር ከሆነ ግን አብሮ ገብቶ እዚያው ሊቀር ይችላል። ቅቤ ስትቀቡ፣ ወጥ ስትሠሩ አውልቁት። ጸበል ስትጠመቁም እንዲሁ፤ ለእናንተ በረከት ነው፣ ለኦፓሉ ግን ውሃ ውሃ ነው።

ሌሎቹ ድንጋዮችም ከዚህ አይድኑም። ነጣ ያለው ሴሌናይት ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ወርቅ የሚመስለው ፓይራይት ይዝጋል፣ ሐምራዊው አሜቲስት ብዙ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል። በጨረቃ ብርሃን ማሳደር ግን ምንም አያደርገውም፤ ካሰኛችሁ አሳድሩት።

ኦፓል ገደ ቢስ ነው የሚለውንም ተዉት። የአውሮፓ ወሬ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1829 የወጣ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አባብሶታል ይባላል። ንግሥት ቪክቶሪያ ለልጆቿ ኦፓል ስትሰጥ ነው የኖረችው።

ቀጥሎ ያለው የገንዘብ ነው። «ጥቁር ኦፓል ከክፉ ዓይን ይጠብቃል» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በጭስ የጠቆረ የወሎ ኦፓል ነው። ውሃ የሚጠጣው ያው ባሕርዩ ጥላሸቱንም ይስብለታል። ከወሎ የሚወጣ ተፈጥሯዊ ጥቁር ኦፓል የለም ማለቴ አይደለም፣ ግን ብርቅ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። «ሀብት ይስባል» የሚባለው ቢጫ ሲትሪንም ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው በእሳት የጋለ አሜቲስት ነው። ሀብት የሳበው ለሻጩ ነው። ጭሱም እሳቱም ወንጀል አይደለም፤ ደብቆ በተፈጥሯዊው ዋጋ መሸጡ ነው ማጭበርበር።

የመጨረሻው ቀልድ የለውም። ድንጋይ የተነከረበትን ውሃ አትጠጡ። አረንጓዴው ማላካይት መዳብ አለበት፣ ቀዩ ሲናባር ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። የሐኪም መድኃኒትንም በድንጋይ አትተኩ። እ.ኤ.አ. በ2001 በለንደን የጎልድስሚዝስ ኮሌጁ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክሪስቶፈር ፍሬንች ለ80 ሰዎች ክሪስታል አስይዞ ነበር፤ ለግማሾቹ የሰጠው የውሸት ነው። ሙቀቱ፣ መንዘሩ፣ መረጋጋቱ፣ የውሸቱን የያዙትም እንደ እውነተኛው ተሰምቷቸዋል። መረጋጋቱ ውሸት ነው አላልኩም፤ ስትጸልዩ ወይም ስትጨነቁ የምትነኩት ነገር ካረጋጋችሁ ያዙት። ግን ለዚያ ብላችሁ ብዙ ሺህ ብር አታውጡ።

ወርቅ ቤት ስትገቡ ትርጉሙን ለኋላ አቆዩትና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቀለሙ የራሱ ነው? ጭስ፣ እሳት ወይም ማቅለሚያ ነክቶታል? ውሃ ይጠጣል? «የወሎ ኦፓል ነው፣ እንደፈለግሽ ታጠቢበት» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።