ከቀንደኛ አድናቂ ጋር የሮክ ባንድ ማየት፣ ጅማ ላይ

ጓደኛችሁ ፖስተሩን ካየ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። የሚወደው የሮክ ባንድ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ ሊጫወት ነው። አሳታሚም ስፖንሰርም የሌለው፣ ዘፈኑን በራሱ ገንዘብ ቀርጾ በራሱ የሚለቅ ባንድ ነው። እናንተ ደግሞ «አብረን ነው የምንሄደው» ተብላችኋል።

እንዲህ ያለ ምሽት የሚበላሸው በሙዚቃው አይደለም። እሱ ለባንዱ ይሄዳል፣ እናንተ ለእሱ ትሄዳላችሁ። እዚያ ስትደርሱ እሱ መድረኩ ሥር ሊቆም ይፈልጋል፣ እናንተ ወንበር ታያላችሁ። ሲያልቅ እሱ ባንዱን ሊጠብቅ ይፈልጋል፣ እናንተ ባጃጅ ሳይጠፋ ቤት መግባት። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ቡና ላይ ተቀመጡና ሦስት ነገር ቁረጡ፦ ስንት ሰዓት እንገባለን፣ የት እንቆማለን፣ በምን እንመለሳለን። ሌላው ይደርሳል።

ሦስት ዘፈን ይበቃል

ቀንደኛ አድናቂ «እስቲ ስሙት» ብሎ አርባ ዘፈን ይልካል። አርባውን አትስሙ። ሦስት አስመርጡት፦ አንዱ ባንዱ ሳይጫወተው ከመድረክ የማይወርደው፣ አንዱ ዝግ ያለ፣ አንዱ አዲስ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ስሙ፣ አንዴ ለዜማው፣ አንዴ ለግጥሙ። አዳራሽ ውስጥ ጊታርና ድራም ድምፃዊውን ስለሚውጡት የማታውቁት ግጥም አይሰማችሁም። የምታውቁትን ግን ጆሯችሁ ራሱ ይሞላዋል። አዝማቹን በቃላችሁ ከያዛችሁ ጥሩ ነው።

ለሮክ አዲስ የሆነ ጆሮ መጀመሪያ የሚይዘው ጩኸቱን ነው። ያ የሚጎረብጥ የጊታር ድምፅ ስፒከር ተቀዶ አይደለም። የጊታሩ ድምፅ ማጉያ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ ሻካራው ድምፅ ከዚያ ይወጣል። ጊታሪስቱ በእግሩ የሚረግጣት ትንሽዋ ፔዳልም ሆን ብላ ያንኑ ትሠራለች። ከሥሩ ያለው ዜማ ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም። ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ ሮክ ከብሉዝ የወረሰው የሶሎ አካሄድም በአብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው። ማይነር ባቲ የሚባለው ቅኝትና የሮክ ጊታር ተማሪ መጀመሪያ የሚለማመደው ስኬል (የኖታ መሰላል) ኖታቸው አንድ ነው። የሮክ ጊታርን ከሀገር ቤት ዜማ ጋር ያጋባውን ጃኖ ባንድን ቀድሞ የሰማ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ያልሰማ ከዚያ ቢጀምር ይቀለዋል።

ቲኬት

የራሳችሁን ግዙ። «የባንዱን ልጅ አውቀዋለሁ፣ በነፃ ያስገባናል» የሚል አድናቂ ካጋጠማችሁ በጨዋ ቋንቋ እምቢ በሉ። የአዳራሽ ኪራይ፣ የሞንታርቦ (የትልልቆቹ ስፒከሮች) እና የሚክሰር (የድምፅ ማስተካከያው) ኪራይ፣ የጀነሬተር ነዳጅ፣ የመኪና፣ የአልጋ፣ ይህ ሁሉ ስፖንሰር ለሌለው ባንድ የሚወጣው በር ላይ ከሚሰበሰበው ነው። ሃያ ሰው በትውውቅ ከገባ ባንዱ ተጫውቶ ከስሮ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጅማን ይዘላታል። የዋሽንግተኑ ፉጋዚ የሚባለው ባንድ መግቢያውን ለዓመታት 5 ዶላር አካባቢ አድርጎ ይጫወት ነበር፤ ተመልካች መሐል የሚደባደብ ሲገኝ ደግሞ ገንዘቡን መልሰው ያስወጡት ነበር። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚሠራው ሁሉም ሲከፍል ነው።

በቴሌብር ቀድሞ መክፈል ከተቻለ ክፈሉና የደረሰኙን ስክሪን ሾት ያዙ። በር ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስልኩን ሲከፍት ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ መልእክቱም ይዘገያል። በጥሬ ብር ከሆነ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ፤ በር ላይ ያለው ልጅ መልስ ሲፈልግ ሰልፉ ዝናብ ውስጥ ይቆማል።

ሰዓቱን በደንብ ጠይቁ። ፖስተር ላይ «8:00» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ከሆነ ከቀኑ 8 ነው። በዚህ ምክንያት ስድስት ሰዓት ቀድሞ አዳራሽ በር ላይ መገተር አለ፤ አልቆ መድረስም አለ። ቀኑንም ከጾሙ ጋር አስተያዩት፤ በሁዳዴም በረመዳንም ምሽት እንዳሻ አይያዝም፤ ጓደኛችሁ የሚያፈጥር ከሆነ እራቱ ከመግቢያው ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ።

ልብስና ዝናብ

ቀንደኛው ጥቁር በጥቁር ለብሶ ይመጣል። የጅማን መርካቶ አቋርጣችሁ ስታልፉ አንድ እናት «ማን ሞተባችሁ ልጆቼ?» ቢሏችሁ አትገረሙ። እናንተ መልበስ ግዴታችሁ አይደለም። ጫማ ላይ ግን ቀልድ የለም፤ ጣት የሚሸፍን፣ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን። ፊት ለፊት የሚዘል ሰው እግር አይመርጥም፣ ወለሉም በጭቃ ጫማ ረጥቦ ይቆያል።

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ሰማዩን አትመኑት። ጃንጥላ ግን ተዉት፤ ፍተሻ ላይ ያስቀሩታል፣ ካስገቧችሁም የሰው ዓይን ትወጋላችሁ። ቀላል የዝናብ ጃኬትና ስልክ የምትጠቀልሉበት ፌስታል ይሻላል። አዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ዶፍ ሲወርድ ዝግ ያለው ዘፈን ከጣሪያው ጩኸት ሥር ይሰምጣል፣ ድምፅ ተቆጣጣሪው ሁሉንም ከፍ ያደርጋል፣ ዝናቡ ሲያቆም ግን ዝቅ ማድረጉን ይረሳል። ጆሮ የሚጎዳው ያን ጊዜ ነው።

የት እንደሚቆም

ክርክሩ እዚህ ላይ ነው፤ ቀንደኛውም ግማሽ እውነት አለው። መድረኩ ሥር ያለው ስሜት ሌላ ቦታ የለም። የድራሙ ምት ደረት ይመታል፣ የጊታሪስቱ ጣት ይታያል፣ የድራመሩ ዱላ ሲሰበር ስንጥሩ እግራችሁ ሥር ይወድቃል። ድምፁ ግን እዚያ መጥፎ ነው። ድምፃዊው የሚሰማው በሞንታርቦ ነው፤ ሞንታርቦዎቹ ደግሞ ግራና ቀኝ ቆመው ድምፁን በእናንተ አናት ላይ ወደ ኋላ ይልካሉ። ከፊት የምትሰሙት ከመድረክ በቀጥታ የሚመጣውን ድራምና የጊታር ማጉያ ነው። ማጉያው ድምፁን እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚወረውር፣ አፉ ፊት የቆመ ጊታር ብቻ ሰምቶ ይወጣል።

ጥሩው ቦታ ሚክሰሩ አጠገብ ነው። ድምፅ ተቆጣጣሪው የሚያስተካክለው ለራሱ ጆሮ ነውና እሱ የሚሰማውን ትሰማላችሁ። ሚክሰሩ ጥግ ተወትፎ ከሆነ ግን፣ ትንንሽ አዳራሽ ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ መሐል ለመሐል ከመድረኩ የአዳራሹን ሁለት ሦስተኛ ያህል ራቁ። ግድግዳ አትደገፉ፣ ማዕዘን ላይ በፍጹም አትቁሙ። ቤዙ እዚያ ይጠራቀምና ሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት ጉምጉምታ ይሆናል። ባዶ የሲሚንቶ አዳራሽ ድምፁን እየመለሰ ያስተጋባል፤ ሰው ሲሞላ ልብሱና ገላው ድምፁን ይመጠዋል። ስለዚህ በሳውንድ ቼክ፣ ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ ሲሞከር፣ የሰማችሁት ማስተጋባት አያስደንግጣችሁ። አዳራሹ ግማሽ ባዶ ከቀረ ግን ወደ መሐል ጠጋ በሉ፤ በጎን ከተበተናችሁ ማስተጋባቱ ይብሳል።

የሚሠራው ስምምነት ይህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዘፈኖች ከእሱ ጋር ፊት፣ ከዚያ እናንተ ወደ ኋላ፣ የመጨረሻውን ዘፈን እንደገና አብራችሁ። መገናኛችሁን በቦታ ቁረጡ፤ «ሚክሰሩ በስተቀኝ» ብላችሁ። «እንደዋወላለን» አይሠራም፤ ስልክ አይሰማም።

ጆሮ ላይ አትለግሙ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም በሚሠራበት ልክ፣ 85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቤቶች ያወጣው ጣሪያ በአማካይ 100 ዴሲቤል ነው። ጥጥና ሶፍት መጠቅጠቅ ራስን ማታለል ነው፣ የሚቀንሰው ትንሽ ነው። ለስላሳውን የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ፋርማሲ ወይም የሥራ ደኅንነት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ጠይቁ። አገባቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በንጹሕ ጣት አጥብቃችሁ አድቦልቡሉት፣ በሌላኛው እጃችሁ በጭንቅላታችሁ ላይ ዞራችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይ ሳቡ፣ አስገቡት፣ እስኪነፋ 30 ሰኮንድ ያህል በጣታችሁ ያዙት። ግማሹ ውጭ ከቀረ አልሠራም። በደንብ ከገባ የራሳችሁ ድምፅ ውስጥ ውስጡን ሲያስገመግም ትሰማላችሁ።

ጭብጨባ፣ ሽልማት፣ «ይደገም»

ጅማ ላይ ዘፋኙ «አካም ጅርቱ!» ካለ አዳራሹ ይናጋል፤ እዚያ ላይ አብራችሁ ጩኹ፣ ችግር የለም። ችግሩ ጭብጨባው ላይ ነው። እጃችን ያደገው በቺክቺካ ነው፣ በስድስት ምት። ሮክ አብዛኛው በአራት ይቆጠራል። አዳራሹ ቺክቺካውን ካስነሳ ድራመሩ ወይ ከእናንተ ጋር ይሄዳል ወይ ከባንዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላችሁ ቁጠሩና ሁለትና አራት ላይ አጨብጭቡ፤ ስኔሩ፣ ያ ጯ የሚለው ከበሮ፣ የሚመታው እዚያ ነው። ከጠፋችሁ እጃችሁን አውርዳችሁ ትከሻችሁን አንቀሳቅሱ፤ እስክስታ ከሮክ ጋር ተጣልቶ አያውቅም።

ብር ግንባር ላይ ለመለጠፍ መድረክ አትውጡ። በሠርግ ባንድ ዘንድ ክብር ነው፤ እዚህ ግን ወለሉ በገመድና በፔዳል የተሞላ ነው። አንዷን የረገጠ ሰው ጊታሩን ድምፅ አልባ ያደርገዋል፤ ከዚያ ከተዘረጋው ገመድ ሁሉ የትኛው እንደተነቀለ እስኪገኝ ዘፈኑ ይሞታል። መጠጥም መድረክ ጫፍ ላይ አታስቀምጡ። መሸለም የፈለገ በር አጠገብ ያለውን ቲሸርት ይግዛ። ልኩን ግን በጓደኛችሁ ምክር ሳይሆን ትከሻችሁ ላይ አስይዛችሁ እዩ።

የሰው ዘፈን አታዝዙ። በራሱ ሥራ የመጣን ባንድ «የእገሌን ዝፈኑልን» ማለት እንግዳን ጠርቶ የጎረቤት ወጥ እንዲያወጣ እንደ መጠየቅ ነው፤ አጠገባችሁ ያለው ቀንደኛም ያፍርባችኋል። ሲያልቅ «ይደገም!» ማለት ግን ግዴታ ነው፤ ብዙ ባንድ አንድ ሁለት ዘፈን ለዚያ አስቀርቶ ይወርዳል።

መብራት ሲሄድ

ይሄዳል ብላችሁ ሂዱ። ጊታር፣ ቤዝና ማይክ በአንዴ ጸጥ ይላሉ፤ ድራሙ ብቻ ይቀራል። ጎበዝ ድራመር አያቆምም፤ አዝማቹን ያጠናችሁት ለዚህ ነውና በጉሮሯችሁ ቀጥሉ። የስልክ መብራት ወደ ወለሉ አብሩ፣ ሙዚቀኞቹ ዓይን ላይ አይደለም። ወደ በሩ አትሩጡ።

ጀነሬተሩ ተነሥቶም ሙዚቃው ወዲያው ካልጀመረ አትጩኹባቸው። ቮልቴጁ ሳይረጋ ማጉያዎቹን ማብራት ሊያቃጥላቸው ይችላል፤ ዲጂታል ሚክሰር ከሆነ ደግሞ እንደ ኮምፒውተር ተነሥቶ እስኪከፍት ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ «ህምም» የሚል ድምፅ ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ የመሬት ገመድ ችግር ነው፤ ሌላ መሰኪያ ላይ ሰክተው ይሞክሩታል። አሥር ደቂቃ በቂ ትዕግሥት ነው፤ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ስለ ቲኬቱ አዘጋጁን እንጂ ባንዱን አትጠይቁ።

ከዘፈኑ በኋላ

ጓደኛችሁ ባንዱን ሳያናግር አይሄድም፤ ይህን ቀድማችሁ 30 ደቂቃ ስጡት። ገመድ ሲጠቀልሉ አያናግሯቸው፤ ዕቃ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው። መኪና ላይ ጭነው ሲጨርሱ ይጠጋና «በጣም አሪፍ ነበር» ከማለት አንድ የለየ ነገር ይንገራቸው፤ የሁለተኛው ዘፈን መግቢያ ተቀይሯል፣ ለምን ቀየራችሁት፣ እንደ ማለት። መድረክ ወለል ላይ በፕላስተር የተለጠፈች የዘፈኖች ዝርዝር ወረቀት አለች። ቀንደኛ ሁሉ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ራሱ አይገንጥላት፤ የሚሰበስበውን ሰው ይጠይቅ።

ባጃጁን ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱት። የምታውቁትን ሹፌር በኮንትራት፣ ዋጋውን ተነጋግራችሁ፣ ስልኩን ወስዳችሁ። ከመሸ ቆጪም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ላይ ባጃጅ ይመናመናል፤ ወደ ጂሬን ዳገት የሚወጣማ በዝናብ ዋጋውን ያንረዋል። ከአጋሮ የመጣ እንግዳ ካላችሁ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ማታ እመለሳለሁ እንዳይል፤ አልጋ ያዙለት ወይም ፍራሽ አንጥፉለት።

ጆሯችሁ እቤት ገብታችሁ ቢጮኽ ጸጥ ባለ ቦታ እደሩ፣ ኢርፎን አትሰኩ። በማግስቱም ካልተወ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከመተኛታችሁ በፊት ግን የዚያችን የዘፈን ዝርዝር ወረቀት ፎቶ ከጓደኛችሁ ተቀበሉ። ጠዋት ከቁርስ በፊት ደውሎ «የቱን ወደዳችሁት?» ማለቱ አይቀርም፤ «ሁሉንም» ካላችሁት አርባውን ዘፈን እንደገና ይልክላችኋል።