ትንሿ አውሮፕላን ለምን ትወድቃለች? ተማሪ አብራሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትንሽ አውሮፕላን ወደቀች ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ሞተሩ ጠፍቶ ነው?" ብሎ ነው። አንዳንዴ ልክ ነው፣ ሞተር ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ እየሠራ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ አውሮፕላኗ ምንም ሳይጎድላት ነው አደጋው የሚደርሰው። አብራሪው መተው በነበረበት ሰዓት ስለገፋበት፣ ወይም መናገር በነበረበት ሰዓት ዝም ስላለ ነው።

እኔ የተማርኩት አሜሪካ ውስጥ በሴስና 172 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ከ44,000 በላይ የተሠራች፣ የተማሪ ስህተት የምትታገስ ጥሩ አውሮፕላን ናት። ያስተማሩኝ በዕድሜ ገፋ ያሉ ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ "ጋሼ" ነበር የምላቸው። በረራ ሊጀምሩ የሚያስቡ ልጆች ሲጠይቁኝ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። አብዛኛው ከጋሼ የሰማሁት ነው። ጥቂቱ ደግሞ እኔ ራሴ ያጠፋሁት ነው።

የተበላሸ አመጣጥን ይዞ ለማረፍ መሞከር

በሥልጠና በረራ ከሚደርሱ አደጋዎች ብዙዎቹ በማረፍ ላይ ናቸው። ሰው የሚሞትባቸው ጥቂት ናቸው። አውሮፕላን ግን ይሰበራል፣ የተማሪውም ልብ አብሮ ይሰበራል።

ነገሩ የሚበላሸው ገና ከላይ ነው። ሴስና 172 ፍላፕ (ከክንፉ በስተኋላ ያለውን ተጣጣፊ ክፍል) አውርዳ ለማረፍ ስትመጣ ፍጥነቷ 65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል) አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ተማሪው ፍጥነት እንዳያንሰው ስለሚፈራ 75 ወይም 80 ይዞ ይመጣል። በዚህ ፍጥነት አውሮፕላኗ መሬት ደርሳም አታርፍም። አስፋልቱን ሳትነካ አንድ ሁለት ክንድ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች። ማኮብኮቢያው ከሥሯ እያለቀ ሲሄድ ልጁ ይጨንቀዋል፣ አፍንጫዋን ወደ ታች ይገፋል። የፊት ጎማው ቀድሞ ይመታና አውሮፕላኗ ትነጥራለች። እንደገና ይገፋል፣ እንደገና ትነጥራለች፤ እያንዳንዱ ምት ካለፈው እየባሰ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የፊት እግሯ ይታጠፍና ፕሮፔለሩ አስፋልቱን ይመታል።

መውጫው አንድ ነው። ሙሉ ፓወር ሰጥቶ መነሳት፣ ዞሮ እንደገና መምጣት። ጎ-አራውንድ የምንለው ነው። ተማሪዎች ግን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። ታች ሆኖ የሚያይ ሰው አለ፣ ጓደኛ ቪዲዮ እየቀረጸ ነው፣ የበረራው ሰዓት ሒሳብም እየቆጠረ ነው። ጋሼ አሳምሬ ሳርፍ ዝም ነበር የሚሉት። አመጣጤ አላምር ብሎኝ፣ ሳይነግሩኝ ራሴ ዞሬ የሄድኩ ቀን ነው "ጎሽ!" ብለው ትከሻዬን መታ ያደረጉኝ።

ጎ-አራውንድ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። ሙሉ ፓወር ሲሰጥ አፍንጫዋ በኃይል ወደ ላይ ትነሳለች፣ ወደ ግራም ትስባለች። ዮኩን (መሪውን) ገፋ አድርጎ መያዝ፣ ቀኙን ፔዳል መርገጥ ያስፈልጋል። ፍላፑን ባንዴ የሰበሰበ ሰው አውሮፕላኗ ትሰምጥበታለች፤ ደረጃ በደረጃ ነው የሚነሳው። ይህን ከፍ ብላችሁ፣ ብዙ አየር ከሥራችሁ እያለ፣ ደጋግማችሁ ሥሩት። ብቻችሁን ከመብረራችሁ በፊት እጃችሁና እግራችሁ ሳያስቡ ሊያደርጉት ይገባል።

በመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ማጥበቅ

ሰው የሚገድለው ይሄኛው ነው። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

ስቶል ማለት ክንፉ አውሮፕላኗን መሸከም ሲያቅተው ነው። ብዙ ተማሪ ስቶልን ከፍጥነት ማነስ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ዋናው ነገር ግን ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ ከልክ ካለፈ ክንፉ በማንኛውም ፍጥነት ይሸነፋል። በቀጥታ ስትበር በ50 ኖት ስቶል የምታደርግ አውሮፕላን ከፍታዋን ይዛ በ45 ዲግሪ ስታዘነብል 60 ኖት ላይ ታደርጋለች። በ60 ዲግሪ ደግሞ 71 ኖት ላይ። አሁን ለማረፍ የምንመጣበትን 65 ኖት አስቡ።

አደጋው እንዲህ ነው የሚመጣው። ከጀርባ የሚነፍስ ንፋስ ይገፋንና ወደ ማኮብኮቢያው የምንታጠፍበትን ቦታ እናልፈዋለን። መስመሩ በስተግራ እያለፈን ነው እንበል። ብዙ ማዘንበል እንደሚያስፈራ ስለተነገረን ክንፉን ጨምረን አናዘነብልም። በምትኩ የግራውን ፔዳል ረግጠን አፍንጫዋን በግድ እናዞራለን። አፍንጫዋ ስትወርድ ደግሞ ዮኩን ወደ ራሳችን እንስባለን። በዚህች ቅጽበት የውስጠኛው ክንፍ ቀድሞ ይሸነፋል፣ አውሮፕላኗ ትገለበጥና እየተሽከረከረች ትወርዳለች። ስፒን የሚባለው ነው። ከመሬት ያለን ርቀት 500 ጫማ ወይም ከዚያ በታች ነው። እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው እንኳ ለማውጣት ከፍታው አይበቃውም።

መስመሩን ካለፋችሁ እለፉት። ተመጣጣኝ አድርጋችሁ ታጠፉ፤ ካልሆነ ተነሱና ዙሩ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን፣ አውሮፕላኗ ወደ ጎን መንሸራተቷን የምታሳየውን ትንሽ ኳስ መሀል አድርጉ። ለነገሩ እሷን ማየት የሚረሳው ሁልጊዜ የደከመ ወይም የተቸኮለ ሰው ነው። በአንድ ቀን ስምንተኛና ዘጠነኛ ማረፍ ላይ የደረሰ ተማሪ ቢያቆም ይሻለዋል።

ከፍታንና ሙቀትን መርሳት

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለብን። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 7,625 ጫማ ላይ ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ። ሞቅ ባለ ከሰዓት፣ 25 ዲግሪ ሲሆን፣ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ አውሮፕላኗ 10,600 ጫማ አካባቢ ላይ ያለች ያህል ነው የሚሰማት። ይህ ዴንሲቲ አልቲትዩድ ይባላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ከጉልበቱ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል። ፕሮፔለሩና ክንፉም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል።

ድሬዳዋ ዝቅ ይላል፣ 3,800 ጫማ አካባቢ ነው። ግን ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲገባ ስሌቱ ከ7,000 ጫማ ያልፋል። "ቆላ ነው፣ አያስቸግርም" የሚል ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ፍሎሪዳ ወይም ቴክሳስ በባሕሩ ዳርቻ ተምሮ ደጋ ላይ ለመብረር የሚመጣ ሰው ሦስት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ መነሻው ይረዝማል። የፍጥነት መለኪያው 55 ኖት ሲል በእውነት የምትሮጠው ወደ 65 ኖት ነው። ሁለተኛ፣ ከተነሳች በኋላ የምትወጣው እያዘገመች ነው። ከፊት ያለው ዛፍና ኮረብታ ግን አይጠብቅም። ሦስተኛ፣ እንደለመደው ሚክስቸሩን (ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ መጠን ማስተካከያውን) ሙሉ ገፍቶ ይነሳል። በስስ አየር ላይ ነዳጁ ስለሚበዛ ሞተሩ የቀረችውንም ጉልበት ያጣል። ከ3,000 ጫማ በላይ ከሆነ ነዳጁን ቀንሶ ሞተሩን ማስተካከል ነው የሚበጀው።

በዚህ ላይ ሦስት ጎልማሳና ሙሉ ታንክ ሲጨመር አስቡት። ሴስና 172 አራት ወንበር አላት፤ አራት ሰው በሙሉ ነዳጅ ትይዛለች ማለት ግን አይደለም። አዲሱ ሞዴል ከነሁሉ ነገሩ ሲነሳ ከ1,157 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ሰውን ስንት ኪሎ ነህ ብሎ መጠየቅ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ጠይቁ። ጠዋት በብርዱ ተነሱ። ከመጽሐፏ ላይ ያለውን የመነሻ ርቀት አስልታችሁ ለራሳችሁ ሰፊ ትርፍ ጨምሩበት።

ነዳጅንና ካርቡሬተርን በግምት ማለፍ

ነዳጅ ላይ አላበዛም። ጌጁን ብቻ አትመኑ፤ መሰላል ላይ ወጥታችሁ ታንኩን በመለኪያ ዘንግ ለኩ። ከታች ቀድታችሁ በጠራ ዕቃ እዩ፤ ውሃ ካለ ከነዳጁ ሥር ይዘቅጣል። የአሜሪካ ሕግ በቀን በረራ ለ30 ደቂቃ፣ በማታ ለ45 ደቂቃ የሚበቃ መጠባበቂያ ያስገድዳል። እኔ አንድ ሰዓት ሳልይዝ አልነሳም። በፓይፐር አውሮፕላን የምትማሩ ደግሞ ታንክ መቀየር አትርሱ። አንዱ ታንክ ሙሉ እያለ ሌላው አልቆ ሞተር የጠፋባቸው ብዙ ናቸው።

ሴስና 152 እና የቆዩት 172ዎች ካርቡሬተር አላቸው። አየሩ እርጥብ ከሆነ፣ ውጭው ከ20 ዲግሪ ዝቅ ሲል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ውጭው እየሞቀ በረዶ መባሉ ግራ ያጋባል፤ ነዳጁ ሲተን ነው ውስጡን እንዲያ የሚያቀዘቅዘው። የአዲስ አበባን ክረምት አስቡ፣ ልክ እንዲህ ያለ አየር ነው። የሞተሩ ዙር ያለ ምክንያት ከቀነሰ የካርቡሬተሩን ማሞቂያ ሙሉ ክፈቱ። በረዶው ሲቀልጥ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ይንተፋተፋል። ደንግጣችሁ መልሳችሁ አትዝጉት።

ሞተር ሲጠፋ ወደ ኋላ መዞር

ገና ከመነሳታችሁ 400 ጫማ ላይ ሞተሩ ጸጥ ቢል ዓይን ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ማኮብኮቢያው እዚያው ነው። ግን መመለሱ 180 ዲግሪ ብቻ አይደለም። ዞራችሁ ስትጨርሱ ከጎኑ ናችሁ፣ መስመሩን ለመያዝ ተጨማሪ መታጠፍ አለ። ያ ሁሉ ያለ ሞተር፣ ከፍታ እየቀነሰ ነው። ወዲያው አፍንጫዋን ዝቅ አድርጉና የመንሸራተቻ ፍጥነቷን ያዙ፤ ለአዲሱ ሴስና 172፣ 68 ኖት ነው። ከፊታችሁ ካለው ውስጥ የተሻለውን ምረጡ፣ ማሳም ይሁን ሜዳ። አውሮፕላኗን በቁጥጥር ሥር እንዳለች አጥር ውስጥ ያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ በእግሩ ይወጣል። ጋሼ በየመነሻው፣ ፓወር ሳልሰጥ፣ "አሁን ብትጠፋ የት ትሄዳለህ?" ይሉኝ ነበር። ጮክ ብዬ ካልመለስኩ አንንቀሳቀስም።

ደመና ውስጥ መግባት

እ.ኤ.አ. በ1954 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥናት ተደርጎ ነበር። በመሣሪያ መብረር ያልተማሩ 20 አብራሪዎች ውጭውን እንዳያዩ ተደርገው እንዲበሩ ተደረገ። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የፈጀባቸው 178 ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

ምክንያቱ ጆሯችን ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ መዞራችንን ይነግረናል። መዞሩ ከቆየ ግን ፈሳሹ ይረጋና ቀጥ ብለን የምንሄድ ይመስለናል። ዓይን የሚይዘው አድማስ ከሌለ ሰው ሳያውቀው እየዞረ ይወርዳል። ደመናው ገና ከፊት ሲታይ ተመለሱ። ሰርግ ይቅር፣ ቀጠሮ ይቅር፣ አውሮፕላን የተከራያችሁበት ገንዘብም ይቅር።

በይሉኝታ ዝም ማለት

አንድ ቀን ከጎን በሚነፍስ ንፋስ ልናርፍ ስንመጣ ዮኩ በእጄ ላይ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ጋሼ የያዙት መሰለኝና ለቀቅኩት። እሳቸው ደግሞ ለማገዝ ጣታቸውን ጣል አድርገው ነበር እንጂ አልያዙም። ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ያህል አውሮፕላኗን የሚያበራት ሰው አልነበረም። ከመሬት 20 ጫማ ላይ ነበርን። የግራው ክንፍ ወደቀ። ጋሼ ፓወሩን ገፉት፣ ተነሳን።

"ይዘዋል?" ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። ግን ትልቅ ሰው ናቸው፣ አስተማሪዬ ናቸው፣ መጠየቁ ነውር መሰለኝ። ወርደን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ "መሬት ላይ አክብረኝ። እዚያ ላይ ጠይቀኝ" አሉኝ።

ይህ ከእኛ ልጆች ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ሬዲዮው ላይ የተባለውን ሳይሰሙ "እሺ" ይላሉ። እንቅልፍ ሳይተኙ መጥተው ደክሞኛል አይሉም። አስተማሪው ነዳጁን ሲያልፈው ያያሉ፣ ማረም ይከብዳቸዋል። እባካችሁ ተናገሩ። ጥሩ አስተማሪ አይቀየምም። የሚቀየም ከሆነ ደግሞ ሌላ ፈልጉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪውን የምንቀባበለው በሦስት ቃል ሆነ። ጋሼ "ያዝ" ይላሉ። እኔ "ይዣለሁ" እላለሁ። እሳቸው "ይዘሃል" ብለው ይደግማሉ። እኔ ስሰጣቸውም እንዲሁ፣ "ይያዙ"፣ "ይዣለሁ"፣ "ይዘዋል"። ድምፄን ካልሰሙ እጃቸውን ከዮኩ ላይ አያነሱም ነበር።