ቢላ በእጅ የሚቀጠቅጡ ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀማሪዎች የሰበሩትን ቢላ ይዘውልኝ ሲመጡ አስቀድሜ የምመለከተው የስብራቱን ፊት ነው። በአግባቡ የጠነከረ አረብ ብረት ሲሰበር ገጹ ደቃቅና አመድማ ሆኖ ይታያል፤ ከልክ በላይ የጋለው ግን እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ሻካራ ፍሬ ያወጣል። በአብዛኛው የማየው ይህን ሁለተኛውን በመሆኑ ሰፊውን ቦታ ለእርሱ እሰጣለሁ።

ጀማሪው ቢላውን ለማጠንከር ዘይት ውስጥ ከመንከሩ በፊት «ለማንኛውም ትንሽ ይጨመርበት» እያለ ብርቱካንማውን አልፎ ቢጫ እስኪሆን ያግለዋል። ይበልጥ የጋለ ብረት ይበልጥ ይጠነክራል የሚለው እምነት ግን ፍጹም ስህተት ነው። ሙቀቱ ከሚፈለገው ሲያልፍ በብረቱ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች እያደጉ ይሄዳሉ፤ ቅንጣቶቹ በተለቁ መጠን ደግሞ ስንጥቅ ያለ ብዙ ተቃውሞ ሰንጥቋቸው ያልፋል። 1084 ለሚባለውና 0.84 በመቶ ገደማ ካርቦን ላለው አረብ ብረት 815 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይበቃዋል። የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው ማግኔት ይያዝ፤ ብረቱ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በማግኔት መሳቡን ስለሚያቆም፣ ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ቀለሙ አንድ ደረጃ ብቻ እስኪፈካ መጠበቅ ነው። ይህንንም ጥላ ውስጥ ማድረግ ይገባል፤ ፀሐይ ላይ የብረቱ ቅላት ስለሚደበዝዝ ዓይን ይታለልና እጅ እሳት ይጨምራል።

ይህን የምለው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለአንድ ወዳጄ ሦስት ቀን የደከምኩበት ቢላ ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ ከመካከሉ ተሰበረ፤ ስብራቱን ሳየው ያ የስኳር ፍሬ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። መዶሻዬን አልሳትኩም፣ ቅርጹም ያማረ ነበር፤ ያጠፋሁት በመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ከዚያ ወዲህ ቀጥቅጬ ስጨርስ ቢላውን ሦስት ጊዜ አግዬ በአየር ብቻ እንዲቀዘቅዝ ሳላደርግ ወደ ዘይት አልወስደውም፤ በየዙሩ ሙቀቱን ጥቂት ዝቅ ሳደርግ በቅጥቀጣው ወቅት ያደጉት ቅንጣቶች ተመልሰው ይደቃሉ።

ሁለተኛው ስህተት «ነገ አለዝበዋለሁ» ማለት ነው፤ ማለዘብ የምንለው የጠነከረውን ቢላ በመጠነኛ ሙቀት መልሶ በማሞቅ ተሰባሪነቱን መቀነስን ነው። ከዘይት የወጣ ስለት እንደ መስታወት ተሰባሪና በውስጥ ውጥረት የተወጠረ ስለሆነ፣ ማንም ሳይነካው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ «ቀጭ» ብሎ ሲሰነጠቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እጅ የሚያስይዝ ያህል እንደቀዘቀዘ ሞረድ ስለቱ ላይ ይሞከር፤ ሳይቦጭቅ ከተንሸራተተ ጠንክሯል ማለት ነው። ከዚያም ሳይውል ሳያድር በ200 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ ይለዘብ። የመጋገሪያ ምድጃ መዘውር የሚያሳየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከትክክለኛው ስለሚርቅ ውስጡ ሌላ ቴርሞሜትር ይቀመጥ።

ዘይት የሚፈልገውን አረብ ብረት ውኃ ውስጥ መንከር ስለቱን ይሰነጥቃል። ዘይቱም ቢሆን 50 ዲግሪ ገደማ ሊሞቅ ይገባዋል፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ በብረቱ ዙሪያ እንደልብ አይዘዋወርም። ቢላውን ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አያወዛውዙት፤ አንዱ ጎን ቀድሞ ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። ስለቱን ከመንከር በፊት እንደ ምላጭ ማቅጠንም እንዲሁ ያጣምማል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይተዉለት።

ቅላቱ የጠፋ ብረት አይቀጠቀጥም፤ ወደ እሳቱ ይመለስ።

ስለ ጥሬ ዕቃ ጥቂት ልበል። ከተራ ፌሮ ስለት ለማውጣት የሚደክሙ ወጣቶች ያሳዝኑኛል፤ ካርቦኑ ስለሚያንስ የፈለገውን ያህል ቢነከር አይጠነክርም። ባሌስትራ የተሻለ ምርጫ ቢሆንም፣ ብዙ ያገለገለው ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ዚንክ የተለበጠን ብረት ግን ፈጽሞ እሳት ውስጥ አታስገቡ። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ በቅጥቀጣ ሙቀት ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ያንን የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ በትኩሳትና በብርድ ብርድታ ይንቀጠቀጣል።

የለዘበውን ቢላ በሚሽከረከር መሳያ ላይ ስታቀጥኑ ጓንት አታድርጉ። ጓንት በመሳያው ተይዞ እጅን ሊጎትት ይችላል፤ ከዚህም ሌላ ብረቱ መጋሉን የሚነግረው ባዶ ጣት ነው። ሲያቃጥል ቢላው ወዲያው ውኃ ውስጥ ይነከር። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷልና ያ ክፍል ለስልሷል፤ ሰማያዊውን በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋት መልኩን እንጂ ጥንካሬውን አይመልስም። ቦታው እስኪያልቅ መሞረድ፣ አለዚያም ቢላውን እንደገና አግሎ መንከርና ማለዘብ ያስፈልጋል።