ስኳርና ግፊት ይዞን «እችላለሁ» ማለት ከየት ይጀመራል?

ስኳር ወይ ግፊት ያለበት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የሚቸገረው። ጨው ቀንስ፣ ተራመድ፣ መድሃኒት አታቋርጥ፣ ይሄን ለክትትል በሄደ ቁጥር ይሰማዋል፣ ግን ቱሉ ዲምቱ ወይ ኮዬ ፈጬ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ቁጭ ሲል ውሃው በፈረቃ ነው፣ ታክሲው ሰልፍ ነው፣ ወጡ ለቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ድስት ነው የሚሰራው፣ እና በሆዱ «ይሄ ለኔ አይሆንም» ይላል። እኔም የግፊት መድሃኒት የምወስድ ሰው ነኝ፣ ይሄን «አይሆንም» በደንብ አውቀዋለሁ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

አልበርት ባንዱራ የሚባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የስነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሁፍ ሰው አንድን ነገር እችላለሁ ብሎ የሚያምነው ከአራት ነገር ተነስቶ ነው ብሏል፦ ራሱ ሰርቶ ሲያየው፣ እንደሱ ያለ ሰው ሲሰራው ሲያይ፣ የሚያምነው ሰው ትችላለህ ሲለው፣ እና ሰውነቱ ላይ የሚሰማውን ነገር በሚተረጉምበት መንገድ። ከሁሉም ጉልበት ያለው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ እዚያው ላይ ብዙ እንቆይ።

«ከሰኞ ጀምሮ ስፖርት እሰራለሁ» የሚባል እቅድ አታውጡ። ይሄ ምኞት ነው፣ ሲፈርስ ደሞ «አልችልም» የሚለውን ያጠነክረዋል። ይልቅ ምን፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ በሳምንት ስንት ቀን ብላችሁ ቁረጡት። ለምሳሌ «ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከብሎካችን እስከ አስፋልቱ ደርሼ እመለሳለሁ»። (ጎህ ሳይቀድ አትውጡ፣ በኛ ሰፈር ውሻውም ጅቡም አለ፣ ፀሐይ ትውጣ።) ከዛ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከዜሮ እስከ 10 ይሄን እንደማደርገው ምን ያህል እርግጠኛ ነኝ? ከ7 በታች ከሆነ እቅዱን አሳንሱት። ሶስት ቀኑ ሁለት ይሁን፣ አስፋልቱ ቀርቶ እስከ ሱቁ ይሁን። ይሄ ዘዴ የመጣው እዛው ስታንፎርድ ኬት ሎሪግና ባልደረቦቿ ከሰሩት የስድስት ሳምንት ስልጠና ነው፣ ስልጠናውን ብዙ ጊዜ የሚመሩት ደሞ ራሳቸው በሽታው ያለባቸው ተራ ሰዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ ግን በመጀመሪያው ሳምንት እሱን እርሱት። የመጀመሪያው ሳምንት ስራ ያላችሁትን ማድረግ ብቻ ነው። ያደረጋችሁበት ቀን ካሌንደር ላይ ምልክት አድርጉ፣ ግድግዳ ላይ ሲታይ ሌላ ነው።

መድሃኒቱንም እንደዛው፣ በየቀኑ ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። ማታ የሚዋጥ ከሆነ የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር፣ ጠዋት ከሆነ ፊት ስትታጠቡ። ጨው ላይ ደሞ ልኩ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ማለት ነው፣ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባውም ይቆጠራል። ቤተሰቡን በሙሉ አልጫ ብሉ ማለት አይቻልም፣ ግን ወጡ ጨው ሳይገባበት የናንተን ቀድሞ ማውጣት ይቻላል። እሱንም በሳምንት ከሁለት ቀን ጀምሩት።

ግብዣ ላይ ያለው ፈተና ከባድ ነው። «በሞቴ» ተብሎ የመጣ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? መልሱን ቤት ሆናችሁ አዘጋጁት፣ ጮክ ብላችሁም በሉት፦ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሀኪም ከልክሎኛል፣ ይቺን ትንሽ ራሴ እቀምሳለሁ»። እዛው ድንገት ሲመጣ ቃል ይጠፋል፣ ተዘጋጅቶ የሄደ ሰው ግን ሳያፍር ይመልሳል።

ምሳሌ የሚሆናችሁን ሰው ስትፈልጉ ኃይሌን አትፈልጉ። ኃይሌ ሲሮጥ አይቶ «እኔም እችላለሁ» የሚል የሃምሳ አምስት ዓመት ስኳር ታማሚ የለም። የሚጠቅማችሁ እንደናንተ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ፣ እንደናንተ ደሞዙ የማይበቃው፣ ግን ስኳሩን ልክ ላይ የያዘ ሰው ነው። ይሄ ሰው ደሞ የክትትል ቀን ወረፋ ላይ አጠገባችሁ ተቀምጧል። የትኛውን ኪኒን ነው የምትወስጂው ብላችሁ አትጠይቁ፣ የሱ መድሃኒት የናንተ አይደለም። «ቀኑን እንዴት ነው የምታሳልፊው፣ ሲያቅትሽ ምን ታደርጊያለሽ» በሉ። ከተግባባችሁ አብራችሁ ተራመዱ።

ቤተሰብ ሆናችሁ ለምታነቡ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እማዬን «አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ እናደርጋለን» እያላችሁ ሁሉን ነገር ከእጇ አትውሰዱ። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አትችይም እያላችኋት ነው። መለኪያውን አሳይታችኋት ራሷ ትለካ፣ ማየት ካልቻለች ቁጥሩን አንብቡላት፣ መርፌውን ስትወጋ አጠገቧ ቁሙ። «ጎበዝ» ስትሏትም ያደረገችውን ጠርታችሁ ይሁን፦ «ዛሬ ሳልነግርሽ ለካሽ»።

ሰውነት የሚለውን ማንበብም ይለመዳል። ደረጃ ስትወጡ ልብ መምታቱና ትንፋሽ መፍጠኑ ልፋት ነው፣ አረፍ ስትሉ ከተመለሰ በዚህ ብቻ አትደንግጡ። ደረት ላይ ጭንቅ የሚል ህመም ከመጣ ወይ ተቀምጣችሁም ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ወዲያው ወደ ሀኪም። ስኳር ያለበት ሰው እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው ወይ ከራበው ይለካ፣ ከ70 mg/dL በታች ከሆነ (መለኪያ ከሌለም ሳይጠብቅ) ከሶስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካ፣ አሁንም ዝቅ ካለ ይድገም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፣ ሐኪም ቤት ነው። ግፊት ደሞ ብዙ ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። «ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው የምውጠው» የሚል ሰው ስንት አለ መሰላችሁ፣ ይሄ አደገኛ ነው።

እችላለሁ ማለት ራስን ማከም እንዳልሆነም ልብ በሉ። መድሃኒት መቀነስ፣ ማቆም፣ አብይ ጾምን ወይ ረመዳንን እስከ ማታ መጾም ከሀኪም ጋር አስቀድሞ የሚወሰን ነው፣ በተለይ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው።

ሳምንቱ ሲበላሽ፣ ለቅሶ ሲመጣ፣ ጭቃው መንገድ ሲዘጋ፣ «ከዜሮ ልጀምር» አትበሉ። ምን እንዳሰናከላችሁ ጻፉ፣ ሁለት ሶስት መውጫ አስቡ፣ አንዱን ሞክሩ። መንገዱ ጭቃ ከሆነ የብሎኩ ኮሪደር አለ። ያላችሁትን ሁሉ እያደረጋችሁ ቁጥሩ ካልወረደም ድክመት ነው ብላችሁ አትደምድሙ፣ መጠኑ መስተካከል ያለበት መድሃኒቱ ሊሆን ይችላል። የለካችሁበትን ደብተር ለቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ፣ የምትጠይቁትን ሁለት ሶስት ጥያቄ ቤት ጽፋችሁ፣ ገና ስትገቡ አንብቡላቸው፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ መጨረሻ ላይ ጊዜ አይኖርም። ከመውጣታችሁ በፊት ደሞ የተነገራችሁን በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ ንገሯቸው፣ የተሳሳተ ካለ እዛው ያርሙታል።