ርእደ መሬት በደረሰበት አገር ለማገልገል ለሚነሣ የሚሲዮን ቡድን፦ ከሄይቲ የተገኘ መመሪያ

ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. በአካባቢው ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ላይ ከሄይቲ ዋና ከተማ ከፖርት ኦ ፕራንስ በስተ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመጠን 7.0 የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። መነሻው ለምድር ወለል ቅርብ ስለነበረና አብዛኛው ቤት ብረት በተቆጠበበት፣ ሲሚንቶው በሳሳ ብሎኬትና ኮንክሪት የተሠራ ስለነበር፣ ከተማዋ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ፍርስራሽ ሆነች። የአገሩ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር ከ300,000 በላይ ሲያደርሰው ሌሎች ግምቶች ከዚያ እጅግ ዝቅ ይላሉ፤ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰውም ቤት አልባ ሆኖ ሜዳ ላይ እንደ ወደቀ ተገምቷል። ሕዝቡ ድንጋጤውን «ጉዱጉዱ» ብሎ በድምፁ ሰየመው።

ቤተ ክርስቲያንም ከተጎጂዎቹ አንዷ ነበረች። የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ጆሴፍ ሰርዥ ሚዮ ሞቱ፣ ካቴድራሉ ተደረመሰ፤ በብራዚል የሕጻናትን ሞት በመቀነስ ስማቸው የታወቀው ሐኪም ዚልዳ አርንስ ለሃይማኖት አገልጋዮች ንግግር ባደረጉበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕይወታቸው አለፈ። ስለዚህ ከውጭ የሚሄድ ቡድን ወደ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ይወቅ። ለቅሶ ደራሽ ወጥ ቤት ገብቶ አያዝም፤ በዕድሩ ሰዎች ታዞ ውሃ ይቀዳል፣ ድንኳን ይተክላል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ሐሳብ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ለመሄድ አለመቸኮል ነው። ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት የወጣውን ሰው አብዛኛውን ያወጣው በእጁና በዶማ የቆፈረው ጎረቤቱ ነበር። የፖርት ኦ ፕራንስ አየር ማረፊያ አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ ስላለው በእነዚያ ሳምንታት ለአንድ አውሮፕላን የተሰጠ ቦታ ከሌላው የተነፈገ ነበር፤ ቀዶ ሐኪም፣ ነርስ ወይም የውሃ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ቦታውን ከያዘ በኋላ ደግሞ ውሃም አልጋም ይሻማል። እንዲህ ያለው አጥቢያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው ከሚልክ ገንዘብ ቢልክ ይሻላል። ልባሽ ጨርቅ በሻንጣ አጭቆ መውሰድም የወደብ መጋዘን ከመዝጋት በቀር የሚጠቅመው ነገር ጥቂት ነው። ሩዙም፣ ሸራውም፣ ምስማሩም ከተቻለ ከዚያው አገር ገበያ ይገዛ፤ ነጻ እህል ከልክ በላይ ሲጎርፍ የሚከስረው የአገሩ ገበሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ከአካባቢው አጥቢያ በጽሑፍ የተሰጠ ጥሪ ይያዝ። ጥሪው ስንት ሰው፣ በምን ሙያ፣ ለስንት ቀን እንደሚፈለግ፣ የት እንደሚያድርና ማን እንደሚያስተረጉም በግልጽ ሊያሳይ ይገባል። በሄይቲ የርዳታ ማስተባበሪያ ስብሰባዎች ይካሄዱ የነበረው በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ ክሪዮል የሚናገረው የአገሩ ሰው ስለ ራሱ ሰፈር በሚመከርበት ስፍራ እንግዳ ሆኖ ነበር። (በአሜሪካ ያለ አማርኛ ተናጋሪ አጥቢያ ሊረዳ ሲነሣ፣ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሞ አንድ ቀን ማንኛችንም የሌላው ኢትዮጵያ ልንሆን እንችላለን ያለው የሄይቲ ልዑክ አልፍሬድ ኔሙር መሆኑን ቢያስታውስ፣ በሰጪና በተቀባይ መካከል ያለውን ኩራት ያለዝብለታል።)

እንደ ደረሱ የሚታደርበትን ቦታ መምረጥ ይቀድማል። ዋናው ነውጥ በደረሰ በስምንተኛው ቀን በመጠን 5.9 የሆነ ተከታይ ነውጥ ቀድሞ የተሰነጠቀውን ሁሉ አንቀጥቅጧል። ከዚህ ቀደም በቀላሉ ይገጥም የነበረ በር አሁን ካልገጠመ፣ ወይም በምሰሶና በግድግዳ ላይ እንደ X በሰያፍ የተሻገረ ስንጥቅ ከታየ፣ መሐንዲስ አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ አይተኛም፤ ጸሎትም አይደረግበትም። የሄይቲ ምእመናን ከፈረሱት አብያተ ክርስቲያናት ደጅ በሜዳ ላይ ሲያመልኩ ሰንብተዋል።

ውሃና መጸዳጃን በሚመለከት ጠንከር ብዬ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም በሄይቲ ከርዳታው ጋር የገባው ጥፋት የመጣው በዚህ በር ነው። ነውጡ ከደረሰ ዘጠኝ ወር በኋላ፣ በጥቅምት 2003 ዓ.ም.፣ ከሚርባሌ ከተማ አጠገብ ከሰፈረ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር ካምፕ የወጣ ፍሳሽ የአርቲቦኒት ወንዝ ገባር ውስጥ ገብቶ የኮሌራ ወረርሽኝ አስነሣ፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰውም ሞተ። የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ይቅርታ የጠየቁት ከስድስት ዓመት በኋላ ነበር። ስለዚህ ቡድኑ አንድ ከረጢት ሩዝ ከማከፋፈሉ በፊት የራሱን መጸዳጃ ከውሃ ምንጭ አርቆ ይቆፍር። በሰብዓዊ ርዳታ መስክ የተለመደው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ነው። የሚጠጣ ውሃ ካልተገኘ፣ ሽታ ያልተጨመረበት ባለ 5 በመቶ በረኪና ጥርት ላለ 1 ሊትር ውሃ 2 ጠብታ ይጨመርና 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ውሃው ደፍረስ ካለ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለልና 4 ጠብታ ይሆናል።

ተቅማጥ ለያዘው ሰው የተዘጋጀ ኦ.አር.ኤስ. (የወጣውን የሰውነት ፈሳሽ ለመተካት በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ከታጣ፣ የዚልዳ አርንስ ማኅበር በብራዚል ለእናቶች ያስተምር እንደነበረው ዓይነት ውህድ በቤት ይሠራል፦ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጫፉ በቢላ የተስተካከለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል። እናትየው ለልጇ ከመስጠቷ በፊት ራሷ ትቅመሰው፤ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ይደፋና እንደ አዲስ ይሠራል። ኮሌራ የተጠረጠረበት ሰው ግን ይህን እየጠጣ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ጣቢያ ይወሰድ።

እህል በሚከፋፈልበት ቀን ወረፋው ጉልበተኛ የሚያሸንፍበት እንዳይሆን፣ በሄይቲ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ኩፖን ለሴቶች ብቻ ሰጥቶ 25 ኪሎ ሩዝ በስማቸው ያደረገበት አሠራር ይጠቅማል። ኩፖኑን ከቀኑ አስቀድመው በየድንኳኑ እየዞሩ የሚሰጡት የሰፈሩ ሴቶች ቢሆኑ፣ ማን ነፍሰ ጡር፣ ማን አሮጊት አስታማሚ እንደሆነች ያውቃሉ።

በሕጻናት ጉዳይ የዋህነት ይቅርታ የለውም። ነውጡ በደረሰ በሦስተኛው ሳምንት 10 አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን 33 ሕጻናትን ያለ ፈቃድ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊያሻግሩ ሲሉ ድንበር ላይ ተያዙ። ልጆቹ ወላጅ አልባ ተብለው ነበር፤ ሲጣራ ግን ቤተሰብ ያላቸው፣ ልጃችን ይማር፣ ይብላ ብለው የሰጡ ወላጆች ልጆች ሆነው ተገኙ። እናት በረሃብ ቀን የሰጠችው እሺታ እሺታ አይባልም። ቡድኑ ብቻውን የቆመ ልጅ ቢያገኝ ስሙን፣ የሰፈሩን ስም፣ የተገኘበትን ቦታና ሰዓት ይመዝግብ፣ የለበሰውን ልብስ አይቀይርበት፣ ከአካባቢው አያርቀው፣ ለሕጻናት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ቤተሰብ ለሚያገናኘው ለቀይ መስቀል ያስረክብ። እናትየዋ ልጇን የምትሰጠው የምታበላው ስላጣች ከሆነ፣ ርዳታው የሚሰጠው ለቤቷ ነው።

ስለ ስብከት የሚነሣው ጥያቄ ከሚታሰበው ይቀላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የቀይ መስቀልና የርዳታ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ ርዳታ የሃይማኖት አቋም ማራመጃ እንዳይሆን ይደነግጋል፤ በተግባር ሲታይ በእህል ከረጢት ውስጥ ትራክት አይከተትም፣ ከወረፋው በፊት ስብከት አይደረግም፣ ቮዱ የተባለውን የአገሩን ባህላዊ እምነት የሚከተለው ጎረቤት ከምእመኑ እኩል ይሰለፋል ማለት ነው። ጸሎት ለጠየቀ ሰው ይጸለይለት፤ አምልኮ ቦታና ሰዓት ተለይቶለት ይደረግ። ነውጡ በደረሰበት ሳምንት አንድ አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ሰባኪ መከራውን የሄይቲ ሕዝብ ከሰይጣን ጋር ገባው ካለው ቃል ኪዳን ጋር አያይዞ ነበር፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ቃል አፍን መዝጋት የበለጠ ምስክርነት ነው። በጅምላ የተቀበሩትን በሚመለከትም፣ በነውጥ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ አያመጣምና ፍርሃት ሥርዓተ ቀብርን አያስቀር፤ ከፖርት ኦ ፕራንስ በስተ ሰሜን ባለው በቲታንየን እንደሆነው በጅምላ መቅበር ግድ ቢሆን እንኳ ፊትና ልብስ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶ፣ ቦታው ይመዝገብ። ዓመት ቆይታ የልጇን መቃብር የምትጠይቅ እናት ትኖራለችና።

መንገድን በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የአካባቢው ሰው ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደቡባዊው የሄይቲ ክፍል በመጠን 7.2 በተመታ ጊዜ ርዳታው በወሮበሎች በተያዘ መንገድ ማለፍ ነበረበት፤ ከሁለት ወር በኋላም 17 ሚሲዮናውያን ከሕጻናት ማሳደጊያ ሲመለሱ ታግተዋል። የአጥቢያው ሽማግሌ «ዛሬ አትውጡ» ካሉ አይወጣም።

የመመለሻው ቀን ሲቃረብ የገባውና የወጣው ገንዘብ ዝርዝር በክሪዮል ተጽፎ በድንኳኑ ደጅ ይለጠፍ። የውሃ ማጣሪያው፣ ጄነሬተሩና የመጋዘኑ ቁልፍ በዝርዝር ተቆጥረው ለአጥቢያው ኮሚቴ በፊርማ ይተላለፉ፤ ማጣሪያውን የሚያጥበው ወጣትም ቡድኑ ከመሄዱ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ብቻውን ፈትቶ ይግጠመው።