ከዲሲ ወደ ሰሜን በአርቪ ስትጓዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ሰመር ሲመጣ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ኒውዮርክና ቦስተን እንወጣለን። ሆቴል ሲወደድብን አርቪ፣ ማለትም አልጋና ምድጃ ያለው የመጓጓዣ ቤት መኪና፣ የምንከራይም አለን። እኔ ከቤተሰቤ ጋር ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። መኪናው አልጋ ስላለው የትም ይታደራል ማለት እንዳልሆነ፣ የስልክ ካርታ የመራን መንገድም ሁሉ ለእኛ እንደማይሆን የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ስልኩን አምኖ መንዳት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ባልቲሞር ስትደርሱ ስልኩ አይ-95 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ፎርት ማክሄንሪ ዋሻ ይወስዳችኋል። የአርቪ ምድጃና ማሞቂያ ግን የሚሠራው በፕሮፔን ጋዝ ነው። በዚህ ዋሻም ሆነ በአይ-895 ባለው የሃርበር ዋሻ አንዱ ብቻውን ከ10 ፓውንድ (4.5 ኪሎ ገደማ) በላይ ፕሮፔን የሚይዝ ሲሊንደር ጭኖ ማለፍ ክልክል ነው። አርቪ ላይ የሚገጠመው ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። “የጋዙን ቫልቭ ዘግቼዋለሁ” ማለት አያዋጣም።

ድሮ በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ መዞር ይቻል ነበር። ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ፈረሰ። ስለዚህ ከተማዋን በምዕራብ በኩል፣ በቶውሰን አድርጎ የሚዞረውን አይ-695 ያዙ። ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ መንገዱ ይጨናነቃል፤ እኛ ቅዳሜ ማለዳ ስንወጣ ነው የተመቸን።

ኒውዮርክ ላይም የሊንከንና የሆላንድ ዋሻዎች ለፕሮፔን አይሆኑም። ማለፋችሁ ብቻ ከሆነ ማንሃተንን ተውትና ከኒውጀርሲ በአይ-287 አድርጋችሁ የሃድሰንን ወንዝ በታፓን ዚ ድልድይ ተሻገሩ፤ የዛሬ ስሙ ማሪዮ ኩዎሞ ነው።

የመኪናውን ቁመት አለማወቅ

ኮነቲከት ውስጥ ያለው ሜሪት ፓርክዌይ የሚባል መንገድ ከ8 ጫማ በላይ ቁመት ያለውን መኪና አያስገባም። ቦስተን ውስጥ ስቶሮው ድራይቭ የሚባለው የወንዝ ዳር መንገድ ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የጭነት መኪና ጣሪያ የሚላጥበት ቦታ ነው። የእናንተ አርቪ 11 ጫማ ሊሆን ይችላል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ኤርኮንዲሽን ተቆጥሮ ማለት ነው። ቁመቱን ከአከራዩ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና ከመሪው ፊት ለጥፉት። በዚያ አካባቢ “ፓርክዌይ” የሚል ስም ካያችሁ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

መሽቶ መድረስ

ስልኩ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው ካላችሁ የሰባት ብላችሁ ያዙ። አርቪ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ልጆችም መውረድ ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ አርቪ አቁመን የምናድርበት ካምፕ የደረስነው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ቢሮው ተዘግቷል፣ መብራት የለም። ባለቤቴ የስልኳን መብራት ይዛ ከኋላ ቆማ “ና፣ ና፣ ና... ቁም!” ትለኛለች፤ እኔ በመስታወት የሚታየኝ ያቺ መብራት ብቻ ናት። የኤሌክትሪኩን ምሰሶ ልገጨው አንድ ክንድ ሲቀረኝ ነው የቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሳትጠልቅ የማልደርስበትን ቦታ አልይዝም። ቦታ ስትይዙም መኪናውን ወደኋላ ሳትነዱ ገብታችሁ በፊት ለፊት የምትወጡበት እንዳለ ጠይቁ፤ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ለጀማሪ ያዋጣዋል።

ዋልማርት ሁሉ ያሳድራል ብሎ ማሰብ

አንዳንዱ የዋልማርት መደብር በመኪና ማቆሚያው ላይ ያሳድራል፣ አንዳንዱ አያሳድርም፤ የሚወስነው የዚያ መደብር ሥራ አስኪያጅና የከተማው ሕግ ነው። ቀን ደውላችሁ ጠይቁ። ከፈቀዱ ዳር ላይ ቁሙ፣ ወንበርና ምንጣፍ አታውጡ፣ በጠዋት ውጡ። አውራ ጎዳና ላይ ያሉት ማረፊያዎች ደግሞ እንደ ስቴቱ ይለያያሉ፤ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ሳታነቡ እንዳትተኙ።

ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል

ይህን የምጽፈው ስለሚያስፈራኝ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቡናውን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ከሰሉንም ይዞ መግባት ያጓጓል። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በዚያች ጠባብ ቤት ልጆች ተኝተው ሳለ ይገድላል። መስኮት መክፈት አያስተማምንም። ጀበናዋን በአርቪው ምድጃ ላይ ጣዷት፣ ከምድጃው በላይ ያለውን የአየር ማውጫ አብሩ፣ ዕጣኑንም ለውጭ አቆዩት። መኪናውን ስትረከቡ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን ቁልፍ ተጫኑና ሲጮህ በጆሯችሁ ስሙ። ካልጮኸ እስኪቀይሩላችሁ ድረስ ከግቢው አትውጡ።